የታሰረችው ግራ እጅ

ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፭

ሰበርሁት። የቀኝ እጇን ጠቋሚ ጣት ነው የሰበርሁት፣ የምትጽፍበትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ገጽ አርባ ሁለትን፣ የደም ዝውውርን፣ በቃሏ እንድትወጣው ጠየቅኋት። የልጅ ልጄ የሻረግ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። "ድገሚ" አልኋት። ደገመች፤ እዚያው ቆመች። "እጅሽን ዘርጊ" አልኋት። ዘረጋች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አሁንም ዘርጊ ስላት ትዘረጋለች። ዱላው የወይራ ነው፣ የምመረኮዘው። ሁለተኛውን ስሰነዝር እጇን ሸሸት አደረገች፤ ጣቷን አገኘው። ድምፁን ሰማሁት። ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። እሷ አልጮኸችም። የጮኽሁት እኔ ነኝ።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ቅዳሜ ሳምንት ነው፣ ግንቦት ፳፬፣ ሞጣ። ዘጠኝ ቀን ቀርቷል።

ወጌሻውን አያ ታዘበን አስጠራሁት። በቅቤ አሸት አሸት አደረገና በቀርከሃ ስንጥር አሰረው። "ጠበቅ አድርገው" አልሁት። "ይበቃዋል" አለ። "ጠበቅ!" አልሁት። "እርስዎ ካሉ" ብሎ አጠበቀው። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ "ማን ነው የመታት?" አለኝ። "እኔ ነኝ።" "እንግዲያ ማሰር የነበረብኝ የእርስዎን እጅ ነው" ብሎ ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ፊቱ ላይ እዘጋው ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት ፲፮

ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። ምን ብዬ ልቁም?

ጠዋት ስነሣ የሻረግ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ማሰሪያውን ፈትታዋለች። ጣቷ እንደ በሰለ እንጆሪ ጠቁሯል። "ማን ፍቺ አለሽ?" ብዬ ተቆጣሁ።

"ይዩት እናና" አለችኝ፤ እኔን አያቷን እንዲያ ነው የምትጠራኝ። "ጥፍሬን ስጫነው ነጭ ይሆናል፣ ስለቀውም ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ደሙ አይመለስም። ደም የማይደርስበት ሥጋ ይሞታል።"

"ይኼ የትኛው ገጽ ላይ ነው?"

"የትም ገጽ ላይ የለም። ገጽ አርባ ሁለትንና ገጽ ሰባን አገናኝቼ ነው።"

ደብተሩን አውጥቼ አየሁ። ያንን ደብተር የጻፍሁት እኔ ነኝ። የሳይንስ መምህሯ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በአማርኛ እየተረጎመ ሲናገር እኔ በብዕሬ አሰፈርሁት፤ መቶ ሃያ ገጽ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት። አባቴ እኔን ዳዊት እንዳስያዘኝ እሷንም ላስይዛት ብዬ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ከወንዶቹ ተማሪዎች ጋር ሴት አላስቀምጥም ብሎ በመጋረጃ ጀርባ አስተማረኝ። አለንጋው ግን መጋረጃ አያውቅም ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ከዳር ዳር ተወጣሁት። እንዲያ ነው መማር ብዬ የማውቀው።

ገጽ አርባ ሁለትን አነበብሁ። ገጽ ሰባን አነበብሁ። ያለችው የለም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ግን አለ።

ከነጠላዬ ዳር ቀደደችና የተሰበረውን ጣት ከጎኑ ካለው ጣት ጋር ላላ አድርጋ አሰረችው፣ በግራ እጇና በጥርሷ። እኔ የጨርቁን ጫፍ ያዝሁላት። ከቀትር በኋላ ጥፍሩን ስትጫነው ቀላ ብሎ ተመለሰ። ሁለታችንም አየነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፯

ገበያው ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጠዋት ነው፣ ገና እህሉ ሳይፈስስ። ባላገሩ አዲሱን ግብር አንከፍልም፣ መሬታችንን አናስለካም ብሎ ከተነሣ ወር አልፎታል፤ ዛሬ ከወታደሮቹ ጋር ከተማው መካከል ተገናኘ። ሦስት ሰው ሲወድቅ ከአጥሬ ሆኜ አየሁ። አንዱ የጤፍ ነጋዴው ጎረቤቴ ነው። ጆንያውን እንዳቀፈ ወደቀ። ጤፉ ቀላ።

ወደ ስምንት ሰዓት ላይ መምህር ገመቹ ደሙ ዓይኑን ሸፍኖት ገባ። ይህ ነው የየሻረግ የሳይንስ መምህር። የወለጋ ሰው ነው፤ ቢቸና ከተመደበ አራት ዓመቱ። ሱሪ ለብሶ፣ ወረቀት የያዘ ቦርሳ አንግቶ ሲያልፍ "ለኪው! ለኪው!" ብለው በድንጋይ አሳደዱት። ቦርሳው ውስጥ የነበረው የዘጠነኛ ክፍል የቤት ሥራ ነው።

የሻረግ ግንባሩን በፈላ ጨው ውኃ አጠበችለት፤ ጨርቅ አጥፋ በግራ መዳፏ ይዛ ቆመች፣ ደሙ እስኪቆም።

የታሰረውን ጣቷን አየ። "እማማ፣ ምን አደረጉ?"

"ገጽ አርባ ሁለትን አታውቀውም።"

"ታውቀዋለች! ፈተናው እኮ 'ድገሚልኝ' አይልም፣ 'ለምን' ነው የሚለው።"

"በቃሏ ያልያዘችውን ነገር ስለ ምኑ ለምን ትላለች?"

ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ ግንባሩ እንደገና ደማ። "ሳቅ ክልክል ነው" አለችው የሻረግ።

ወደ ሞጣ ሊወስዳት የነበረው እሱ ነው። አሁን ለከተማ ሰው መንገዱ ሞት ነው አለ።

እሑድ፣ ግንቦት ፲፰

ከቅዳሴ ስመለስ ጓሮ ያዝኋት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሩን በጉልበቷ ይዛ፣ በግራ እጇ ትጽፋለች።

እጄ ሳላዝዘው ዱላውን አነሣ። ይህን መጻፍ አለብኝ። ዱላው አየር ላይ ነበር።

የሻረግ ተወልዳ ግራ እጇ ነበር የሚቀድማት። በግራዋ ትበላ፣ በግራዋ ትጽፍ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆናት በመቀነት ወገቧ ላይ አሰርሁት፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ። ስትተኛ ብቻ እፈታላት ነበር። ታለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ጽሕፈቷ በቀኝ ሲያምር እያየሁ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ልጅ ማሳደግ እንደ እሷ አለ።

ዱላውን መሬት አስቀመጥሁት።

"ስንት መስመር ጻፍሽ?"

"አራት። ፊደሉ ባቄላ ባቄላ ያህላል።"

"አሳንሽው" አልኋት። ሌላ ምን እንደምል አላወቅሁም። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ ያዘች፤ ማንም አላስተማራትም። እጇ ያስታውሳል። አሥራ ሦስት ዓመት ታስሮ ያስታውሳል።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርሁትን። ለየሻረግም አልነገርኋትም። እናትሽ በምች ሞተች ነው ያልኋት።

ልጄ እንጉዳይ የሞተችው ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ነው፣ እዚሁ ቤት። የሻረግ አራት ዓመቷ ነበር። ሕፃኑ ሞቶ ወጣ፤ ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። ለፈንጣጣ ክትባት ከሞጣ የመጣ አንድ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ከተማው ውስጥ ነበር። ሰው ጠርቶት መጣ፤ ሻንጣውን ይዞ በሬ ላይ ቆመ። "እናቴ፣ አንድ ጊዜ ልየት" ብሎ ለመነኝ። ልጄን በዚያ ሁኔታ ወንድ አያያትም አልሁ። በሩን ዘጋሁ። ከምሳ እስከ ጀምበር መጥለቂያ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተነሣው ለቅሶዬን ሰምቶ ነው።

አባትየው ሌላ አግብቶ ደብረ ኤልያስ ገባ። ልጅቱን እኔ አሳደግኋት። ሐኪም የምትሆነው ለዚህ ነው። ሴት ሐኪም በሩ ላይ ብትቆም ምን ሰበብ ነበረኝ?

ይህን ደብተር ከሣጥኑ ሥር አደርገዋለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት ፲፱

ቁጥሯ፦ ዛሬ ሃያ ሁለት መስመር። ፊደሉ ከባቄላ ወደ ምስር ወርዷል። አንድ ገጽ ለመጻፍ የሚወስድባት ጊዜ ግን ከበፊቱ ሁለት እጥፍ ነው። ፈተናው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

የዛሬው ጥያቄ በ"ለምን" ነው። ሞከርሁት። "ልብ ለምን ሁለት ክፍል በግራ፣ ሁለት ክፍል በቀኝ ሆነ?" አልኋት። መለሰች። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም! በሰባ ዓመቴ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አይልም።

መምህር ገመቹ ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚመለሰው የወታደር መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ። አልሄድም ብሎ ነበር፤ ትናንት የቤቱን ክዳን አቃጠሉበት። መጽሐፉን ለየሻረግ ትቶላታል። ሞጣ የምወስዳት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፳

ሠላሳ አንድ መስመር።

ወታደሮቹ አያ ታዘበን ደበደቡት። በጥይት የተመታ ባላገር ጠግነሃል ብለው ነው። ጎድኑ ሦስት ቦታ ተሰብሯል፤ ደም ይተፋል። ሄደን አየነው። የሻረግ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ አዳመጠች። "በግድግዳ ደገፍ ብለው ይቀመጡ፣ አይተኙ፤ ማንም አይሽዎት" አለችው።

"አንቺ ልጅ ወጌሻ ሆንሽብኝ?" አለ፣ እያቃሰተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ለእኔስ ጠበቅ አድርጊው አይሏትም?"

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ግን አብሬው ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት ፳፩

መኪና ተገኘ። ባለቤቱ ሰይድ ይባላል፤ የሞጣ ነጋዴ ነው፣ አባቱም አያቱም እዚያው የነገዱ። ጨው ጭኖ ዓርብ ይመለሳል። "እሜቴ፣ ከጨው በላይ መቀመጥ ካላስቀየመዎት ቦታ አለ" አለኝ። "ጨው አያስቀይመኝም። መንገዱስ?" አልሁት። "እኔን ሁለቱም ወገን ያውቀኛል። ሁለቱም ወገን ይመታኛል። እስካሁን ግን ደርሻለሁ።"

የሚያዝ፦
የፈተና መግቢያ ወረቀቷ (ፎቶግራፍ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያለው)።
ብዕር ሁለት፣ ቀለም አንድ ጠርሙስ።
ዳዊቴ።
ጭኮ፣ ቆሎ።
ለጣቷ መለወጫ ጨርቅ።
ይህ ደብተር። ቤት ትቼው ቤቱ ቢቃጠልስ?

ሠላሳ ስድስት መስመር።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፳፪

ዕርገት። አርባ መስመር! በሰዓት ለካነው፤ ደርሳለች ማለት ይቻላል። ጽሕፈቷ አስቀያሚ ነው፣ ግን ይነበባል።

ከወንዙ ማዶ መንደር ሲጨስ ዋለ። ከብት ሲጮኽ ይሰማል። የሻረግ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና አጠናች። እኔ መድፈን አልቻልሁም።

ዓርብ፣ ግንቦት ፳፫፣ ሞጣ

እጄ ሳያብጥ ልጻፈው። ጀምሯል።

ንጋት ላይ ተነሣን። እስከ ጉንደ ወይን ሰላም ነበር። ከዚያ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ጅረቱ በሚወርድበት፣ ድንጋይ ተደርድሯል። ሰይድ አቆመ። ከቁጥቋጦው አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ወጡ፤ ጠመንጃ፣ ጦር፣ ገጀራ። ሰይድን ከጋቢናው ጎትተው አወረዱት። "ጨው ነው ወንድሞቼ፣ ጨው ብቻ..." ሲል አንዱ በሰደፍ አፉን መታው። ጥርሱን መሬት ላይ ሲተፋ አየሁ።

እኛን ከጨው ላይ አወረዱን። ጥቅልላችንን ፈቱ። ዳዊቴን ስመው በክብር ድንጋይ ላይ አኖሩት። ከሥሩ ወረቀቱን አገኙ።

"ማኅተም አለው!"

"የፈረንጅ ጽሑፍ ነው። የለኪዎቹ ነው!"

አንዱ የየሻረግን አንገት በክንዱ አንቆ ያዘ። ጩቤውን ከጆሮዋ ሥር አደረገ። "ማን ላከሽ? የማንን መሬት ልትጽፊ ነው?" መተንፈስ አልቻለችም፤ እግሯ ይፈራገጣል። እኔ በዱላዬ ጀርባውን መታሁት። ዞሮ ሲገፋኝ በጎኔ ወደቅሁ።

"ተዋት" አለ አንድ ድምፅ። ለቀቃት።

ጎበዝ አለቃቸው ነው። ረጅም፣ ጋቢውን በደረቱ ያጣፋ። ቆሞ ከላይ አየኝ፣ ረጅም ጊዜ።

"የኔታ" አለ።

ቢቸና ውስጥ እንዲያ የሚሉኝ ግቢዬ ፊደል የቆጠሩ ብቻ ናቸው።

"አላወቁኝም? ደመላሽ ነኝ። መልእክተ ዮሐንስን ሦስት ጊዜ የሳትሁት።"

ያወቅሁት በግንባሩ ጠባሳ ነው። ያ ጠባሳ የእኔ ነው። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ቢሆን ነው፤ አንድ ጠዋት ደሙ በአፍንጫው እየወረደ ከግቢዬ ሮጦ ወጣ። አልተመለሰም። ያን ዕለት ሰነፍ ወጣልኝ ብዬ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ፣ እስከ ዛሬም አላሰብሁትም ነበር።

ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። "ያንብቡልኝ።"

"የእንግሊዝ ቋንቋ ነው።"

"ያንብቡታ!"

"አልችልም።"

"ሰማችሁ?" ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ። "የኔታም አያነቡትም! እኔ ስስት ግንባሬን አሉኝ። እርስዎ ሲስቱ ምንዎን ልበል?" ሳቁ። ሰይድ ብቻ አልሳቀም።

"እኔ ላንብበው" አለች የሻረግ። ድምፅዋ ሻክሯል፣ አንገቷ ላይ የክንዱ ምልክት አለ። አንድ በአንድ አነበበች፤ ወደ አማርኛ መለሰችው። ስም፣ ዕድሜ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ነገ ጠዋት፣ ሞጣ።

"ሐኪም ልትሆኚ?"

"ካለፍሁ።"

"ጣትሽ ምን ሆነ?"

ጣቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወደ እኔ አላየችም።

"እኔ ነኝ የሰበርሁት" አልሁ። "ገጽ አርባ ሁለት ላይ ስታለች ብዬ።"

ደመላሽ ሳቁ ጠፋ። "ዛሬም?" አለ። "ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ። ዛሬም?"

ዱላዬን ከወደቀበት አነሣው። በእጁ መዘነው። "እጅዎን ይዘርጉ" አለኝ።

ከመሬት ሳልነሣ የሻረግ በመካከላችን ቆመች። ቀኟ ታስሯል፤ ግራዋን ዘረጋች። "በእኔ ይሁን። እሳቸው አሮጊት ናቸው።"

ዱላው ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። እንዴት እንደሚመታ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ግራ እጇን ተው!" ብዬ ጮኽሁ። በጉልበቴ ድኼ እግሩን ያዝሁት። "ግራ እጇን አትንካ! የምትጽፍበት ነው! የእኔን ምታ፣ ሁለቱንም ምታ፣ ራሴንም ፍለጠው፣ ግራ እጇን ተውልኝ!"

ሁለት እጆቼን ከአቧራው ላይ አንሥቼ ዘረጋኋቸው።

"ስንት ነበር የሚመቱ?"

"ሦስት። ለአንድ ስሕተት ሦስት።"

"ሦስት" አለ።

መታኝ። አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ፣ ሦስተኛውን እንደገና በቀኝ። እጄን አልመለስሁም፤ ሲመለስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አልራራልኝም። እኔም ራርቼለት አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ከመካከላቸው "ደመላሽ፣ ነውር ነው፣ በቃ!" አሉት። እሱም በቃኝ እንደሚል ሰው ተነፈሰ።

ዱላውን በጉልበቱ ሊሰብረው ሞከረ። ወይራ ነው፣ አልተሰበረም። እንደገና ሞከረ። ቢያቅተው ወደ ገደሉ ወረወረው። ወረቀቱን ለየሻረግ ሰጣት። "ሂጂ" አላት። ለእኔ ምንም አላለኝም፤ ጀርባውን ሰጠኝ።

ሰይድ በጨርቅ አፉን ይዞ በአንድ እጁ ነዳ። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ "እኔ ጥርሴን፣ እናንተ እጃችሁን። ጨዉ ብቻ ነው ደኅና የደረሰ" አለ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሞጣ ገባን። የሰይድ ሚስት ዘሃራ እጄን ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፈችው። ጣቶቼ አይታጠፉም። የሻረግ ጥፍሬን አንድ በአንድ ተጫነች። "ደሙ ይመለሳል" አለችኝ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፳፬

ብዕር አይጨበጥም። ጥቂት ብቻ።

ገባች። ሰባት ነበሩ፤ ሴት እሷ ብቻ። ወረቀቷን ያየው ሰው ጣቷን አይቶ "በምንሽ ልትጽፊ?" አላት። ግራዋን አሳየችው።

ሦስቱንም ሰዓት ከዛፍ ሥር ቆምሁ። መቀመጥ አልቻልሁም። ዳዊት ልደግም ብዬ ገና በመክፈቻው፣ "ብፁዕ ብእሲ" ላይ ቆምሁ። እኔ! ቆምሁ።

ወጣች። የግራ እጇ ጎን ከትንሽ ጣቷ እስከ አንጓዋ ሰማያዊ ነው። የጻፈችውን የራሷ እጅ እየዳሰሰው ያልፋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ። የመጨረሻው ገጽ ተበክሏል። ይነበብ አይነበብ አታውቅም።

"ስንቱን ሳትሽ?" ሊወጣኝ ነበር። ዋጥሁት።

እሑድ፣ ግንቦት ፳፭

ይህን የምትጽፈው የሻረግ ናት። እኔ እናገራለሁ። ሁለቱም እጆቼ አብጠው ማንኪያም አይዙ፤ ዘሃራ ናት ያጎረሰችኝ።

ደብተሩን ስሰጣት "ባዶው ገጽ ላይ ጀምሪ፣ ከላይ ያለውን አታንብቢ" አልኋት። እሺ አለች። ብዕሩን ቀለም ነከረች። ያኔ "አይ፣ አንብቢው" አልኋት። ለምን እንዳልሁ አላውቅም። ምናልባት ምን እንደምትጽፍልኝ ሳይሆን ለማን እንደምትጽፍ እንድታውቅ ነው።

አነበበች። ገጹን ስትገልጥ እቆጥር ነበር። እሑድ ግንቦት ፲፰ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንገቷን አላነሣችም። ደብተሩን ዘግታ ወደ ጓሮ ወጣች። ዘሃራ ልትከተላት ስትል "ተያት" አልኋት። ፀሐይ ከምሰሶው እስከ በሩ እስክትደርስ ቆየች።

ተመልሳ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል። አላየችኝም።

"እናቴ ምንም አላለችም? ሰውዬው በሩ ላይ መሆኑን አታውቅም ነበር?"

ይህን አልጻፍሁትም ነበር። ከሣጥን ሥር በሚያድር ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍሁትም።

"ታውቅ ነበር" አልኋት። "ድምፁን ሰምታ ነበር። 'እናቴ፣ ይግባ' አለችኝ። ሁለት ጊዜ።"

የሻረግ ብዕሩን አነሣች። የምትወረውረው መስሎኝ ፊቴን መለስሁ። የብዕሩን ድምፅ በወረቀቱ ላይ ሰማሁ። ይኸው፣ ከላይ አለ። ጽፋዋለች።

ውጤቱ በደብዳቤ ይመጣል፣ ደብዳቤ የሚያልፍበት መንገድ ካለ። የመመለሻው መንገድ በደመላሽ በኩል ነው። ሰይድ ሳምንት እንጠብቅ ይላል። ከጉንደ ወይን በኩል ጠዋት ከባድ ተኩስ ተሰምቷል። ዘሃራ መመርኮዣ ልታመጣልኝ ነበር፤ የሻረግ "ትከሻዬ አለ" አለቻት። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ለዘሃራ ነው። እኔ ግን ሰማሁ።

አሁን እጇን አቁማለች። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ ትልበታለች። ይህን ዛሬ ነው የጀመረችው።

"ቀጥሎ ምን ልጻፍልዎ?" አለችኝ።